የእህቴ ታርጋ

እህቴ ከውሃ ሳትወጣ ወጥታለች አልኩ። የተበላሸው ነገር ይኸው ነው።

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ ግን እዚያው ነበርኩ። ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ለአንድ ሰዓት አሥር ጉዳይ፣ ሐይቁ ዳር ባለችው የዋናተኞች ቤት ውስጥ።

ሁለት ወር ተለማምደናል። ሐይቁን ከዳር እስከ ዳር፣ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር የሚያቋርጥ የበጎ አድራጎት ዋና ነው፤ ለሆስፒታሉ የኩላሊት እጥበት ማሽን መግዣ። ወረፋ ከሚጠብቁት አንዱ አባታችን ነው። ታናሽ እህቴን ወደዚህ የጎተትኳት እኔ ነኝ። "ብቻዬን ይሰለቸኛል" ብዬ።

ጋሼ የምንላቸው አሰልጣኛችን አንድ ሕግ አላቸው። በሩ አጠገብ በተሰቀለው ሰሌዳ ላይ እያንዳንዱ ዋናተኛ ቁጥር የተጻፈባት ቆርቆሮ አለችው። ታርጋ እንላታለን። ስትገባ ቀዩን ገጽ ታዞራለህ፣ ስትወጣ ነጩን። የሰው ታርጋ መንካት ክልክል ነው። ጉም ሲኖር ጋሼ የሚያምኑት ሰሌዳውን ብቻ ነው። ሁሉም ነጭ ከሆነ ጀልባቸውን አስረው ይገባሉ።

የዚያን ቀን ጠዋት እህቴ እንደ ልማዷ በሩን ደርግማው ገባች።

"በሩ ምን በደለሽ?" አሏት ጋሼ።

"እጄ ነው ጋሼ፣ እኔ የለሁበትም።"

"እንቁራሪት! ዛሬም ኋላ እንዳትቀሪ።"

እህቴ ወደ እኔ ዞራ ሳቀች። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።"

ተረከዟን ጫማ ልጦት ስለነበር ፕላስተር ለጠፍኩላት። ከኋላ የምትጎተተዋን ብርቱካናማ ተንሳፋፊ ፊኛ በገመድ ወገቧ ላይ አሰረች። ገባን።

ጉሙ ከባድ ነበር። አራት ኪሎ ሜትር ዋኝቼ ስወጣ ጣቶቼ የሌላ ሰው ጣት ይመስሉኝ ነበር።

ከኋላዬ እንጨቱ መተላለፊያ ላይ የእርጥብ እግር ድምፅ ሰማሁ።

ጫብ... ጫብ... ጫብ...

ዞር አላልኩም። ሁለት ሰዓት ላይ ሥራ መግባት አለብኝ። የራሴን ታርጋ ገለበጥኩ። ከዚያ የእሷን።

"ያንቺንም ገልብጬዋለሁ፣ ቶሎ በይ!"

"እሺ።"

ድምፁ የእሷ ነበር።

ሻወር ገባሁ። የጎኔ ክፍል መቀርቀሪያ ቀጭ አለ። ውሃ መውረድ ጀመረ።

"ሞቀሽ?"

"በረደኝ።"

"ወደ ግራ አዙሪው።"

"አዞርኩት።"

በእኔ በኩል እንፋሎቱ ጣሪያውን ሸፍኖታል። በእሷ በኩል... ምንም።

እህቴ ስትታጠብ ዝም አትልም። "ከቧንቧው ጋር ትፎካከራለች" ትላለች እናታችን።

"ምነው ዛሬ ዝም አልሽ?"

"ሳሙና ስጪኝ።"

በግድግዳው ሥር ባለው ክፍተት አሳለፍኩላት። ስትቀበለኝ ጣቶቿ እጄን ነኩኝ።

ምንም አልተሰማኝም። እጄ ደንዝዞ ነው አልኩ።

ከዚያ በግድግዳው ሥር ውሃ መጣ። እግሬን ነካኝ። የሐይቁ ቅዝቃዜ ነው። አረንጓዴ ቀጭን የውሃ ሣር ይዟል።

"ሐይቁን ይዘሽው መጣሽ እንዴ?"

አልሳቀችም።

ፎጣዬን አነሳሁ።

"አትውጪ።"

"ሥራ አለኝ እኮ።"

"ትንሽ... ቆዪ።"

ፎጣውን መልሼ ሰቀልኩት። ቆየሁ። ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ ኋላ ፖሊስ ጠይቆኛል። ሃያ አልኩ።

የውጭው በር ተንኳኳ።

"ልጄ!" ጋሼ ነበሩ።

"አቤት።"

"እህትሽ የታለች?"

"እዚሁ ጎኔ ናት። እየታጠበች ነው።"



"ተንሳፋፊዋ ብቻዋን ዳር ወጥታለች... ገመዱ ተፈቷል።"

"ጋሼ፣ እያወራን ነው እኮ!"

ድምፃቸው ወረደ።

"በሩ ላይ ትንሽ ቆሜያለሁ ልጄ። የምሰማው... ያንቺን ድምፅ ብቻ ነው።"

ወደ ጀልባው ሲሮጡ ሰማሁ።

ቧንቧዬን ዘጋሁ። የጎኔም ውሃ አብሮ ቆመ። ቧንቧ ሲዘጋ ግን አልሰማሁም።

"አንቺ..." አልኩ በሹክሹክታ።



መቀርቀሪያው ተከፈተ።

የእኔ ክፍል በር ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ይላል። እግሮቿ ሲያልፉ አየሁ። ነጭ፣ ውሃ ያሸበሸባቸው እግሮች። ቀኝ ተረከዟ ላይ የለጠፍኩላት ፕላስተር አለ።

የእኔ በር ፊት ቆሙ።

የእግር ጣቶቿ ወደ እኔ ዞሩ።

እጄ መቀርቀሪያዬ ላይ ነበር። ብቻ መግፋት ነው...

አልገፋሁትም።

በሦስተኛው ቀን ሐይቁ ውስጥ ሲያገኟት ፕላስተሩ እንዳለ ነበር። የበጎ አድራጎቱ ዋና ከወር በኋላ ተካሄደ። ዋኘሁ። ሰዎች አቀፉኝ። ምንም አልተሰማኝም። እሱ ግን ኋላ ነው።

የዚያን ቀን ጠዋት እግሮቹ ከእኔ በር ፊት ዞሩ። ጫብ... ጫብ... ወደ መውጫው ሄዱ።

በሩ እስኪደረገም ጠበቅኩ።

ቀስ ብላ፣ የተኛ ሰው እንዳትቀሰቅስ እንደምትጠነቀቅ፣ ወጥታ ዘጋችው።