የማን ቀኝ

«ቀኝ ጆሮ!» አለ ወንድሟ ከአውሮፕላኑ ውስጥ ሆኖ፣ መሪውን ወደ ቀኝ እያጋደለ።

«ተነሳ!» አለች ከአውሮፕላኑ አፍንጫ ፊት ለፊት ቆማ።

«ግራ ጆሮ!»

«ተነሳ!»

«ጎሽ ብሎን! በይ አሁን ከፊቴ ጥፊ፤ ሞተር ላስነሳ ነው።»

ብሎን ብሎ ያወጣላት አባቷ ነው፤ የማትሾልክበት ቀዳዳ ስላልነበረ። ጆሮም የእሱ ቃል ነው። በክንፎቹ ጫፍ ከኋላ በኩል ወደ ላይና ወደ ታች የሚሉት፣ አውሮፕላኑን ወደ ጎን የሚያጋድሉት ሁለት ሳንቃዎች ናቸው። መሪው ወደ ቀኝ ሲጋደል የቀኙ ጆሮ ይነሳል፣ የግራው ይወርዳል። ይህንን በቤታቸው ውስጥ እናቷ እንኳ ታውቀዋለች።

አውሮፕላኑ ተፈታትቶ በሳጥን የመጣ ነው። አባቷ ከጋራዥ ሥራው ሲመለስ በጓሮው መጋዘን እየገባ ሲገጣጥመው ኖረ፤ ጥቂት ሲቀረው ታመመ፤ ጥቂቱ ሳያልቅ ሞተ። የቀረውን ወንድሟ ጨረሰው። ማብረር ተምሮ ፈቃድ ያወጣው ለዚች ቀን ብሎ ነበር። እናታቸው በስንት ልመና፣ «አንዴ ይብረርና ይውጣላችሁ» አለች። ሜዳውን ያዋሳቸው ገበሬ ነገ ትራክተር ያስገባበታል። መጋዘኑ ለተከራይ ተሰጥቷል። ወንድሟም ወደ ሥራው፣ ወደ ሩቅ ከተማ ይመለሳል። ዛሬ ካልሆነ መቼም የለም።

ክንፎቹን አውልቀው በጭነት መኪና አምጥተው፣ ጠዋት እዚሁ ሜዳ ላይ መልሰው ገጠሟቸው። ከመቀመጫው ስር ተኝታ የጆሮዎቹን ገመድ ጫፍ ያቀበለችው እሷ ናት። «ቀኙን ስጪኝ» ሲላት ቀኙን ሰጠችው፤ «ግራውን» ሲላት ግራውን።

ዞራ ወደ ጭራው በኩል ሄደች። እናቷ የወንድ ልጇን ጃኬት አጣጥፋ ደረቷ ላይ ይዛ ቆማለች።

«ጨረሳችሁ?»

«ጨረስን፣ እማዬ።»

«ነፋስ የለም አይደል?»

«ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም።»

ወንድሟ ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት መሪውን አንዴ አጋደለው። ክንፎቹ ከራሱ በላይ ስለሆኑ ጫፋቸው ከመቀመጫው አይታየውም። እሷ ግን አየች። ክርኑ ወደ ቀኝ ሄደ። የተነሳው የግራው ጆሮ ነበር።

ዓይኗን አላመነችም። እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ቀኝ እጇን አንስታ ተመለከተችው። ከዚያ ክንፉን።

የመጋዘኑ በር በአውሮፕላኑ አፍንጫ በኩል ስለነበር አባቷ የሚሠራው ፊት ለፊት ቆሞ ነው። «ቀኝ» ሲል የራሱን ቀኝ እጅ ማለቱ ነው። አንድ ቀን «የአውሮፕላን ቀኝ እኮ የአብራሪው ቀኝ ነው» ስትለው ስቆባት ነበር። «ሰው የሚናገሩት ፊት ለፊት ነው፣ ብሎኔ። ከጀርባ የሚያወራ ሐሜተኛ ነው።» ያደገችው በዚያ ቀኝ ነው። የወንድሟ ቀኝ ግን የበረራ ትምህርት ቤቱ ነው።

«ወንድም ጋሼ! አቁም! እንዳታስነሳው!»

«ምን ሆንሽ? እባብ አየሽ እንዴ?» እየሳቀ አንገቱን አወጣ።

«ገመዱ ተምታቷል። ቀኝ ያልኩህ ያንተ ቀኝ አይደለም። የአባባ ቀኝ ነው።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ወርዶ መሪውን በእጁ እየገፋ ክንፉን አየው፤ ደግሞ አየው። እንዲህ ሆኖ ቢነሳ፣ ቀና ላድርገው ባለ ቁጥር ይብስ ይደፋው ነበር።

«ለእማዬ ትንፍሽ እንዳትዪ» አለ በሹክሹክታ። «ሁለቱን ገመድ ማለዋወጥ ነው። ቡና እስኪፈላ አይፈጅም።»

«ሌላውስ?»

«የቱ ሌላ?»

«አባባ ታሞ ተኝቶ ሳለ፣ አንተ ክንፉ ውስጥ ስትገጥም፣ ቃሉን ያመላለስኩት እኔ ነኝ። ወፍራሙ ማያያዣ በቀኝ ይግባ አለ፤ ቀኝ አልኩህ። ቀጭኑ በግራ፤ ግራ አልኩህ። የማን ቀኝ ብዬ ጠይቄው አላውቅም። ቀጭኑ በወፍራሙ ቦታ ገብቶ ከሆነ ክንፉን አይችለውም።»

«እንዲበር የፈቀደው መርማሪ አይቶት የለም?»

«ክንፉ ጨርቁን ከለበሰ በኋላ ነው የመጣው። ውስጡን ማን አየው?»

«አባባ አይሳሳትም!»

«እሱ አልተሳሳተም።»

«እንግዲያው ሂጂና ጠይቂው!»

ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ራሱም ደነገጠ። ዞር ብሎ ግንባሩን ክንፉ ላይ አስደገፈ። «ነገ ይታረሳል እኮ፣ ብሎን» አለ። ድምፁ የትልቅ ሰው አልነበረም። «ነገ ይታረሳል።»

እናታቸው አጠገባቸው ደርሳለች። «ምን ተገኘ?»

ወንድሟ እህቱን አያት። እንዲህ ለምኗት አያውቅም። «ምንም» ብትል እናቷ ታምናታለች፤ ወንድሟም ይሳፈራል፤ ምናልባትም በሰላም ይመለሳል።

ሁሉንም ነገረቻት። ገመዱን፣ ማያያዣዎቹን፣ የአባቷን ቀኝ። እናቷ አላቋረጠቻትም።

«ውስጡ የሚታየው እንዴት ነው?» አለች በመጨረሻ።

«ጨርቁ ተቀዶ።»

እናቷ መዳፏን ክንፉ ላይ አሳረፈች። ያን ጨርቅ ከክንፉ አጥንቶች ጋር የሰፉት እሷና ባሏ ናቸው፤ እሱ ትንሽ ተሽሎት ከአልጋ በተነሳባቸው ሳምንታት። ክንፉን በጠርዙ አቁመው፣ እሱ በወዲህ እሷ በወዲያ ተቀምጠው፣ መርፌውን እያሳለፉ ይቀባበሉ ነበር። አይተያዩም። ልጅቷ ከጓሮ ስትሰማ የሚያወሩት አንድ ነገር ብቻ ነው። «አለሽ?» «አለሁ።» ያለቀውም ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ከዚያ በኋላ በእጁ የሠራው ሌላ ነገር የለም።

«አትንኩት» አለች እናቷ። «አይብረር፤ አይቀደድም። የሚያስቀምጥልን ሰው ፈልገን እንዲሁ ይቀመጥ።»

«እሺ» አለ ወንድሟ፣ ቶሎ። በጣም ቶሎ። ዓይኑ ሜዳው ጫፍ ላይ ነበር።

ልጅቷ ያን ዓይን ታውቀዋለች። እንዲሁ ከተቀመጠ አንድ ቀን፣ እሷም እናቷም በሌሉበት፣ ሌላ ሜዳ ፈልጎ ይሳፈርበታል። ተሳስተሻል ለማለት፤ አባባ አይሳሳትም ለማለት። እሷ ደግሞ እድሜ ልኳን መንገድ መንገድ ታያለች።

ከመሣሪያ ሳጥኑ ምላጩን አወጣች።

«አንቺ ልጅ!» አለች እናቷ።

«ይቅርታ፣ እማዬ።»

እናቷ እጇን ዘረጋች፤ ግን አልያዘቻትም። የተዘረጋው እጅ አየር ላይ ቆየና ወረደ። ጃኬቱን እንደታቀፈች ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። ወንድሟ ሣሩ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ።

ልጅቷ በጣቷ እየዳሰሰች ከቀለሙ ስር የክሩን ቋጠሮ አገኘችው። የመጀመሪያው ስፌት ሲበጠስ ድምፅ እንኳ አልነበረውም። ወደ ሁለተኛው አለፈች።