የዶክተር አሉላ ነጭ ዓሣዎች

ሀዊ እንደምትለው፣ ትናንት አመሻሽ ላይ ትታው ስትወጣ አለቃዋ፣ የዓሣ ተመራማሪው ዶክተር አሉላ፣ በሕይወት ነበር። ኢንጂነር ሊካሳ እንደሚለው ግን፣ ሀዊና ዶክተሩ ሲጨቃጨቁ ከጎን ካለው ቢሮው ሆኖ ሰማ፤ አንድ ነገር ዱብ ሲልም ሰማ፤ ነገሬ ሳይለው ወደ ቤቱ ሄደ። ዛሬ ጠዋት የዶክተሩን በር ሲከፍት ሬሳውን አገኘ።

ኢንስፔክተር ተናኘወርቅ ሁለቱንም ሰምታ ወደ ዶክተሩ ቢሮ መስኮት ሄደች። ይህ የካዛንቺስ ሕንፃ ዙሪያው ፈርሶ ብቻውን ቀርቷል። ዶክተሩም ቤቱ ከፈረሰ ወዲህ እዚሁ ቢሮው ፍራሽ ዘርግቶ ያድር ነበር፤ ከመስተዋት ገንዳው ዓሣዎች በቀር ማንም አልነበረውም። የጠረጴዛው ጠርዝ ጭንቅላቱን መትቶታል። ቁርጭምጭሚቱ ላይ የገንዳው ፓምፕ ገመድ ተጠምጥሟል፤ ሶኬቱ ተነቅሏል። ዓሣዎቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ።

«ፎቶ ከተነሳ ልሰካው? አየር እያጠራቸው ነው» አለች ሀዊ። ተፈቀደላት።

ስለ ጭቅጭቁ ስትጠየቅ አልካደችም። በገንዳው እንዳሉት ያለ ነጭ ዓሣ ለመራባት ወንዝ ሽቅብ ይወጣል፤ የሊካሳ የግድብ ንድፍ ግን መተላለፊያ አልተወለትም። ዶክተሩ ነገ በሚደረገው ስብሰባ ይህን ሊናገር ነበር። አብራው እንድትቆም ለመናት፤ እሷ ሰው ፊት መናገር ትፈራለች።

«ብቻዬን አትተይኝ አለኝ» አለች። «ትቼው ወጣሁ።»

ሊካሳ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ማለቴ፣ ግድብ ውሃ ያጠራቅማል እንጂ አያደርቅም። ውሃ እስካለ ዓሣ ይኖራል። ይህ ነው ያልገባው።»

ዘበኛው ጋሽ ዳባ ማታ ሁለቱም መውጣታቸውን፣ ከዚያ ወዲያ ጠዋት ፖሊስ እስኪመጣ ከኢንጂነሩ በቀር ማንም አለመግባቱን ለተናኘወርቅ ነገራት። ሦስቱንም ገንዳው አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«ሀዊ፣ እነዚህ ያለ ፓምፕ ያድራሉ?»

«አያድሩም። የወራጅ ውሃ ዓሣ ናቸው። በዚህች ጠባብ ገንዳ ውሃው ከቆመባቸው ሁለት ሰዓትም አይቆዩም።»

«ገመዱ እግሩ ላይ ነው፤ ስለዚህ ፓምፑ የቆመው ሲወድቅ ነው። ማታ ወድቆ ቢሆን ጠዋት የምናገኘው የሞቱ ዓሣዎችን ነበር። እነሱ ግን በሕይወት አሉ። የወደቀው ዛሬ ጠዋት ነው፤ ጠዋት የገቡት ደግሞ እርስዎ ብቻ ነዎት፣ ኢንጂነር። ሐኪሙም ሲመጣ ይህንኑ ይለናል። ነገሩን ወደ ማታ ሲያዞሩት ዓሣዎቹን አላሰቧቸውም፤ በእርስዎ ሐሳብ ውሃ እስካለ ይኖራሉ።»

ሊካሳ ከገንዳው ዘወር አለ።

«ንግግሩን እንዲተወው ልለምነው ነው የመጣሁት» አለ። «እምቢ ሲለኝ ገፋሁት።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወርዱ ክፍሉ ውስጥ የፓምፑ ድምፅ ብቻ ቀረ። ዓሣዎቹ ፊታቸውን ወደሚመጣው ውሃ አዙረው ቆመዋል። ተናኘወርቅ በሩ ላይ ስትደርስ ሀዊ ከኋላዋ ጠራቻት።

«ነገ ስብሰባው ላይ» አለች፣ «እኔ እናገራለሁ።»