ከበሩ ውጭ ሁለት እርምጃ

አስካለ ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የምታደርገው ነገር ቢኖር፣ ከቆርቆሮው የግቢ በር ውጭ ድንጋይ ላይ የተቀመጠውን ባለቧንቧ ቢጫ ጀሪካን ውሃ መሙላት ነበር። ሳሙናውን በአሮጌ ካልሲ ቋጥራ ከጀሪካኑ ጆሮ ላይ አንጠልጥላዋለች። ከዚያ ትመለስና ለእናቷ ለወይዘሮ ተዋበች የስኳር መድኃኒታቸውን ትሰጣለች፣ ወንበራቸውን በረንዳው ላይ ታወጣላቸዋለች፤ እሷ ደግሞ ሳሎን መስኮቱ ሥር ካለው የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ እስኪመሽ ድረስ ማስክ ስትሰፋ ትውላለች። የአዳማ ሙቀት ጣሪያውን እያንጣጣው፣ የከባድ መኪናው ጩኸት ከዋናው መንገድ እየመጣ፣ ግቢያቸው ግን ጭር እንዳለ ነበር። ኮሮና ከገባ ወዲህ ደጃቸውን የረገጠ ሰው የለም። ወይዘሮ ተዋበች ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ስኳሩም አስሙም አለባቸው። አስካለ ለእናቷ ስትል ሰው ማየት የተወች ሴት ናት።

ይህን ጥንቃቄዋን ሰፈሩ ሁሉ ያመሰግንላት ነበር። በዚሁ ጥንቃቄ ምን እንዳደረገች ግን የሚያውቅ ብዙ አልነበረም። ሰኔ ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኳ ጠራ። ታላቅ ወንድሟ ከፈለኝ፣ በጅቡቲ መስመር ተሳቢ የሚነዳው፣ በረሃው ውስጥ ካለ ለይቶ ማቆያ ከገባ አሥራ አንደኛ ቀኑ ነበር፤ የደወለው ሰው ዛሬ አረፈ አላት። ልብሱና ጫማው መቃጠሉን፣ ከቤተሰብ ሁለት ሰው ራቅ ብሎ ቆሞ ማስቀበር እንደሚችል፣ እስከ ነገም እንደሚጠብቋት ነገራት። አስካለ ያን ከሰዓት ሙሉ ስትመዝን ዋለች። ሄዳ በሽታውን ይዛ ብትመለስ እናቷን ልትገድል ነው፤ ካልሄደች ወንድሟ እንደ መንገደኛ ሊቀበር ነው። ሲመሽ ደወለችና፣ አልመጣም፣ እናንተው ቅበሩልኝ አለች። ፕላስቲክ የለበሱ ሦስት ሰዎች ቀበሩት። አፈር ያለበሰው ዘመድ፣ ዋይ ያለለት አንድ ሰው አልነበረም።

መርዶ መቼም በስልክ አይነገርም፤ አንድ ሰውም ብቻውን አያረዳም። ጎህ ሳይቀድ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ዘመድ ጎረቤት ግራና ቀኝ ተቀምጦ፣ ሲወድቁ የሚይዝ እጅ ተዘጋጅቶ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ መሰብሰብ በአዋጅ ተከልክሏል። ስለዚህ አስካለና የእድሩ ዳኛ ጋሽ ሽብሩ በበሩ ስንጥቅ ተመካከሩና፣ አዋጁ እስኪነሣ ድረስ ሆድ ይፍጀው ተባባሉ። አስካለ ጥቁር አልለበሰችም፣ አላለቀሰችም፤ እንባዋን እንደ መራራ መድኃኒት ዋጠችና እናቷ ፊት ቀርባ ዋሸች።

«ከፈለኝ ደህና ነው እማዬ። ለይቶ ማቆያ ገብቶ ነው እንጂ። ለአንቺ ስለሚፈራ አዋጁ እስኪነሣ ከበር አያልፍም» አለቻቸው።

ወይዘሮ ተዋበች ዓይን ዓይኗን አዩአትና፣ «እንግዲህ ከበር አይለፍ» አሉ።

ውሃው መጉደል የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ጠዋት አፉ ድረስ የሞላችው ጀሪካን አመሻሽ ላይ ከግማሽ በታች ይሆናል፤ ሳሙናው በሳምንት ውስጥ ተፍቆ ያልቃል። አላፊ አግዳሚው ነው ብላ ተወችው፤ መቼስ ለዚሁ አይደል የተቀመጠው። ሐምሌ ላይ ግን፣ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ክር ለመቀየር መኪናዋን ስታቆም፣ ከበሩ ውጭ ሰው እጁን ሲታጠብ ሰማች። የሚቸኩል ሰው አስተጣጠብ አልነበረም። ሳሙናው ይፈተጋል፣ ውሃው ይንጠባጠባል፣ ደግሞ ይፈተጋል፤ እድፉ አልለቅ ብሎት እንደገና ከመጀመሪያው የሚጀምር ሰው ይመስላል። ወጥታ በሩን ስትከፍት ማንም የለም። ድንጋዩ ሥር ያለው አፈር ጨቅይቷል፣ አየሩም ናፍጣና በረኪና ይሸታል። ከፈለኝ ከመንገድ ሲገባ ሁልጊዜ ናፍጣ ናፍጣ ይሸት ነበር፤ የበረኪናው ሽታ ግን የእሱ አልነበረም።

ወይዘሮ ተዋበችም ወንበራቸውን ከበረንዳው ማውረድ ጀመሩ። መጀመሪያ ዛፉ ሥር አደረጉት፣ በሳምንቱ ከዛፉ አለፉ፣ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ከቆርቆሮው በር ፊት ለፊት ጀርባቸውን ለቤቱ ሰጥተው ይቀመጡ ጀመር። አስካለ የስፌት መኪናዋን ስትነዳ የእናቷን ድምፅ የምትሰማ ይመስላታል፤ መኪናዋን ስታቆም ድምፁም አብሮ ይቆማል። ብቻቸውን ማውራታቸው እርጅና ነው ብላ ሆዷ ባባ። እናቷ እየጃጁባት እንደሆነ አሰበችና ለብቻዋ አዘነች።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ወይዘሮ ተዋበች ለከፈለኝ ጋቢ እንድትልክለት አዘዟት። ይበርደኛል ብሏል፣ ጫማውንም አቃጥለውበታል አሉ። የአስካለ ጉርሻ እጇ ላይ ቀረ። ያ በረሃ እንቁላል በአሸዋ ይበስላል የሚባልለት ነው። የጫማውን ነገር ደግሞ እንኳን ለእናቷ ለጋሽ ሽብሩም አልነገረችም። ማን ነገረሽ ብላ ጠየቀቻቸው።

«ራሱ ነዋ። ሥርዓት የሚያውቅ ልጅ ነው፤ ታጥቦ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ይቆማል» አሉ።

መስከረም ሲጠባ አዋጁ ተነሣ። ባጃጁ ሰው ጠቅጥቆ መጫን ጀመረ፤ ሰዉ ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ ሳይሳሳም የከረመበትን ለማካካስ ጉንጭ ለጉንጭ ይሳሳም ጀመር። ጋሽ ሽብሩ ከዘራቸውን ይዘው በሩ ላይ መጡ። ከዚህ በላይ ከቆየ ወይዘሮ ተዋበች ከመንገደኛ አፍ ይሰማሉ፣ ያ ደግሞ ለአስካለ ነውር ለእሳቸውም ሞት ነው አሏት። ማንም ያላለቀሰለት ሰው አፈሩ አይቀለውም ሲሉም ጨመሩ። አስካለ ጥቂት ቀን ስጡኝ ብላ ለመነቻቸው።

እነዚያን ቀናት ያለ እንቅልፍ መዘነች። ሰው ካስገባች እናቷ ላይ በሽታ ልታስገባ ነው፤ ለቀስተኛ ደግሞ ራቅ ብለህ አልቅስ አይባልም። ታችኛው ሰፈር አዋጁ በተነሣ ሳምንት ድንኳን ተክለው፣ ካለቀሱት መሃል ሦስቱ ሆስፒታል መግባታቸውን ሰምታለች። ካላስገባች ደግሞ ያ በሩ ላይ ያለው ነገር አለ። ስሙን ለራሷም አልጠራችውም። እውነቱ ቢነገር፣ ወግ ባለው ሁኔታ ቢለቀስለት፣ ይሄዳል ብላ አሰበች። ሰው የሚመላለሰው ያልተሰጠው ነገር ሲኖር አይደል? በመጨረሻ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ አሥር ሰው ብቻ ይምጣ፣ ሁሉም ማስክ ያድርግ፣ ግቢው ውስጥ ተራርቆ ይቀመጥ ብላ ለጋሽ ሽብሩ መልእክት ላከችላቸው።

አርብ አመሻሽ ላይ መብራት ጠፋ። መኪናዋን በእግሯ ብትነዳውም ክሩ አልታይ ስላላት ተወችው። ግቢው እንዲህ ዝም ብሎ አያውቅም፤ ከባድ መኪናዎቹም ያቆሙ ይመስል ከዋናው መንገድ የሚመጣ ነገር የለም። በዚያ ዝምታ ውስጥ የእናቷ ድምፅ ዝቅ ብሎ ተሰማት፤ ይለምናሉ። አንድ ሁለት ቃል ይሉና ዝም ይላሉ፣ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው። መልሱ አይሰማም። ግን እሳቸው ዝም ባሉ ቁጥር ቆርቆሮው ይነዝራል፤ አፉን አስጠግቶ የሚያወራ ሰው ያለበት ይመስል ቀስ ብሎ ይነዝርና ይቆማል። አስካለ በረንዳው ላይ ወጣች። በሩና መሬቱ መሃል ስንዝር የምትሆን ክፍተት አለች፤ በዚያች ክፍተት ውስጥ፣ ጭላንጭሉ ውስጥ፣ የራሱ የከፈለኝ ባዶ እግሮች ቆመዋል። ያን ሁለት እርምጃ ጨርሰውታል። ጣቶቹ ከቆርቆሮው ወዲህ ገብተው ግቢው አፈር ላይ ናቸው።

 ከበረንዳው ወርዳ የእናቷን ክንድ ያዘች፤ ቀና ስትል ክፍተቷ ውስጥ ከጨለማ በቀር ምንም አልነበረም። ወይዘሮ ተዋበች ፊቷን ዳበሷት።

«አስኩዬ፣ ነገ ሰው ባይመጣ ምን አለበት?» አሏት።

ለነገ የታሰበውን ለእሳቸው የነገረ ሰው የለም። አስካለ ደነገጠች፤ ግን ሦስት ወር መዋሸት የለመደው ምላሷ ቀደማት።

«ማን ይመጣል እማዬ? ማንም አይመጣም» አለች።

የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ። ቅዳሜ ወፍ ሳይንጫጫ ደረሱ። አሥር የተባለው አርባ ሆኖ መጣ፤ ለቅሶ ተከልክሎ የከረመ ሰፈር፣ የራሱንም ሬሳ ሳያለቅስ የቀበረ ሁሉ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ ከጋሽ ሽብሩ ኋላ ተሰልፏል። አስካለ ስንት ናችሁ ማለት አልቻለችም፤ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። በጨለማው ውስጥ አንድ በአንድ አጠገቧ አለፉ። ከመሃላቸው አንዱ ሲያልፍ ናፍጣና በረኪና ሸተታት፤ ቀና ብላ ስታይ ግን ጀርባና ነጠላ ብቻ ነው የሚታየው።

ጋሽ ሽብሩ ከወይዘሮ ተዋበች ፊት ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከፈለኝ፣ አሉ፣ እግዚአብሔር ወስዶታል። ሴቶቹ እንዳይወድቁ ሊይዟቸው ተጠጉ። ወይዘሮ ተዋበች ግን አልጮኹም፣ ደረታቸውንም አልደቁም።

«አውቃለሁ። በተቀበረ ማግስት ራሱ መጥቶ አርድቶኛል» አሉ።

ደንግጠው ነው ብለው ውሃ አስመጡላቸው። አስካለ ግን ሦስት ወር የዋጠችው ሁሉ ባንዴ ገነፈለባት። ወንድሜ፣ ብቸኛው ወንድሜ፣ ሳልቀብርህ እያለች ጮኸች፤ አርባውም ርቀቱን ረስቶ ተረባረበባት። አቀፏት፣ እንባቸውን ከእንባዋ አደባለቁ፣ ትንፋሻቸው አንገቷ ላይ ነበር። ደስ አላት፤ እውነት ነው፣ ከሦስት ወር በኋላ ሰው ሲይዛት ደስ አላት። አልቅሳ አልቅሳ ሲደክማት ሰዉን ከላይዋ ገፋ ገፋ አድርጋ እናቷ እግር ሥር ተቀመጠች። የሁሉም እጅ ተነሥቶላት ሳለ፣ አንድ እቅፍ ግን ከጀርባዋ አልተላቀቀም፤ ይበርዳል።

«ካወቅሽ ምነው ሳትነግሪኝ እማዬ?» አለች።

«አንቺ ለእኔ ስትፈሪ፣ እኔ ለአንቺ ስፈራ ከረምን። ሰው ቤታችን እስኪገባ ድረስ አይገባም ነበር፤ አንቺው ነሽ ከበር አያልፍም ብለሽ በቃልሽ የከለከልሽው። አሁን በሩን ከፈትሽለት።»

«ምን ፈልጎ ነው?»

ወይዘሮ ተዋበች እጆቿን በሁለት እጃቸው አጥብቀው ያዙና፣ ዓይናቸውን ከትከሻዋ በስተኋላ ሳያነሡ፣ «እኔን ውሰደኝ ብዬ ሦስት ወር ሙሉ ለመንኩት ልጄ፤ እሱ ግን ልትቀብረኝ ያልመጣችውን ነው የምፈልገው አለኝ» አሏት።