ቀየት ላይ የገጠምኩት ሆም ቴአትር

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ ከሚስቁት አንዱ ነበርኩ፣ ቤቴ ውስጥ ድምፅ እሰማለሁ የሚለኝ ሰው ካለ መጀመሪያ ሽቦህን አይተሃል ወይ ብዬ ነው የምጠይቀው፣ በእኛ ሙያ ድምፅ ያለ ምክንያት አይመጣማ። ደብረ ብርሃን ላይ ቴፕ ስጠግንና ስፒከር ስገጥም ነው የኖርኩት፣ ይህን ይዛችሁ ስሙኝ።

ጌታቸው የሚባል ደንበኛዬ ከደብረ ብርሃን አለፍ ብላ ባለችው ቀየት ለሚኖሩት እናቱ ሆም ቴአትር የሚሉትን ባለብዙ ስፒከር ማጫወቻ ገዛላቸው፣ ከተማዋ መብራት ካገኘች ገና ብዙም አልቆየችም ነበር። አባቱ መሪጌታ ካረፉ ወዲህ እናቱ እማማ አስካለ ብቻቸውን ናቸው፣ «የመሪጌታ መቋሚያ ቤት ውስጥ ሲመታ ይሰማኛል» ማለት ጀምረዋል፣ ልጅየው ደግሞ አእምሯቸው ተነካ ብሎ በጣም ሰግቷል።

«አባባ ለጥምቀት ማኅሌት ሲመሩ የተቀረጸ ሲዲ አለ፣ እሱን አጥርተህ አሰማልኝ» አለኝ። «በዚህም ካልተረጋጋች ቤቱን ሸጬ ወደ እኔ አመጣታለሁ።»

እማማ ደግሞ ከቀየት ውጡ ከሚሏቸው ሞት ቢመጣ ይመርጣሉ።

ስደርስ ክፍሉን ለዕቃው ክብር ብለው ባዶ አድርገው ጠበቁኝ፣ ያን ከበግ ጠጉር የተሠራ ወፍራም ባና ሁሉ ከመደብም ከግድግዳም አንስተው፣ ወለሉን አዲስ እበት ለቅልቀው! ምን ልበላቸው፣ የድንጋይ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ባዶውን ሲሆን ድምፅ እየተላተመ ይመለሳል፣ የመሪጌታ ዜማም ተደበላልቆ ይቀራል።

«እማማ፣ ባናዎቹን ይመልሱልኝ፣ ግድግዳው ላይ እንሰቅላቸዋለን።»

«ምነው ልጄ፣ ማሽኑ ይበርደዋል እንዴ?»

እየተሳሳቅን ሰቀልን። ከዚያ እንደ ልማዴ መሀል ላይ ቆሜ አንዴ አጨበጨብኩ፣ የክፍል ጠባይ የሚታወቀው በሚመልሰው ድምፅ ነው። ባናው ጭብጨባዬን ዋጥ አደረገው፣ ደስ አለኝ። ጥቂት ቆይቶ ግን በበሩ በኩል «ጧ!» አለ፣ እንጨት ድንጋይ ሲመታ የሚሰማው ዓይነት። ወለሉ አፈር ነው፣ እመኑኝ፣ በመቋሚያ ቢመቱት እንኳ እንዲህ አይጮህም።

ቆርቆሮ ሲቀዘቅዝ ይጮሃልና እሱ ይሆናል ብዬ ወጥቼ አየሁ፣ የከሰዓቱ ፀሐይ እንዳለ ነው፣ ነፋስም የለም። ሶኬቱን ነቅዬ ደግሜ አጨበጨብኩ። «ጧ!» ዞር ስል እማማ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ፈገግ ብለዋል።

ሶኬቱን መልሼ ሰክቼ ሲዲውን ከፈትኩት። እውነቴን ነው፣ እንደዚያ ያማረ ድምፅ አውጥቼ አላውቅም፣ መሪጌታ እዚያው አጠገባችን ቆመው የሚያዜሙ ነው የሚመስለው፣ እማማም እንባቸው ዝም ብሎ ይወርዳል። የበሩ ምት ግን ከቀረጻው ትንሽ ቀደም ይል ነበር፣ እንደሚመራ ሰው። ላጣራ ብዬ አጠፋሁት። ዜማው ቆመ፣ ምቱ ቀጠለ። ከበሩ ራቅ ብዬ ወደ ግድግዳው አፈገፈግሁ።

«ተው ልጄ፣ ይጨርሱ» አሉኝ እማማ በእርጋታ።

በዚህ መሀል ጌታቸው ደወለ። «እህስ፣ ተረጋጋች? አሁንም እሰማለሁ ትላለች?»

እማማ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ድምፁ የለም ብል እሳቸው ቃዥተዋል ተብሎ ቤታቸው መሸጡ ነው፣ አለ ብል ደግሞ እኔ ማን ልባል ነው? ግን ጆሮዬን እንዴት ልካደው!

«እኔም ሰምቻለሁ፣ ጌታቸው» አልኩት።

«አንተም ከሰማህ እንግዲህ እሷ ጤነኛ ናት... እዚያው ትኑር በላት።»

እማማ እንደ ሕፃን ፈነጠዙ፣ ግንባሬን ሳሙኝ፣ መረቁኝ፣ እኔም ፍርሃቴን ረስቼ አብሬ ሳቅሁ። ዕቃዬን ስሰበስብ ጠጋ ብለው፦

«አንተ የጆሮ ሰው ነህና ልጠይቅህ፣ በበሩ በኩል ያሉት መሪጌታ ናቸው፣ አመታታቸውን አውቀዋለሁ። ያ ዛሬ አንተ ስትገባ በጓዳ በኩል የጀመረውስ የማን ነው?»

ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። እውነትም ሁለት ነበሩ።

እማማ አስካለ ዛሬም በቤታቸው ደህና ናቸው፣ እኔም ደህና ነኝ፣ ሥራዬም አልቆመም። ብቻ አዲስ ክፍል ውስጥ ስገጥም ጭብጨባውን ለባለቤቱ እተውና እኔ ደጅ እቆማለሁ፣ ያን ቀን አብሮኝ የገባ ነገር ከነበረ፣ አብሮኝ አለመውጣቱን በምን አውቃለሁ?