ሁለቱ ቀይ ዘንጎች

ኤልዶን ማክቪካርን ከሐይቁ ሲያወጡት የወገብ ቀበቶው እንደታሰረ ነበር። ጠላቂዎቹ በሰንሰለት ሲስቡት ከነዊልቸሩ ብቅ አለ፤ ቀጥ ብሎ እንደተቀመጠ፣ ተራው እስኪደርስ የሚጠብቅ ሰው መስሎ። ውሃው ከጢሙ ይንጠባጠባል። የኅዳር ነፋስ ከሐይቁ እየተነሳ የፖርት ካርስዌል ከተማን ዳርቻ ይገርፋል፤ ሰማዩ የእርሳስ ቀለም ይዟል።

ዶሪን ዱሴት ጀልባ በሚወርድበት የሲሚንቶ ቁልቁለት አናት ላይ ቆማ አየችው። ፖሊስ የጠራት ትናንት ከሰዓት በኋላ ቤቱ ያደረሰችው እሷ ስለሆነች ነው። ትልቁ አውቶቡስ ላይ መሳፈር የማይችሉትን ከደጃፍ እስከ ደጃፍ የምታመላልሰውን ትንሿን አውቶቡስ ሃያ ሁለት ዓመት ነድታለች። ተሳፋሪ በእርጅና ሞቶባት ያውቃል። እንዲህ ግን አይታ አታውቅም።

«እርስዎ ነዎት ሾፌሯ?» አለች አንዲት አጭር ሴት አፍንጫዋን በመሐረብ እየጠረገች። ሳጅን ግሬታ ፒልኪ ትባላለች። ጉንፋን ይዟት ዓይኗ ቀልቷል፤ ያ ቀይ ዓይን ግን ካረፈበት ነገር ላይ ቶሎ አይነሳም። «እስቲ ይምጡ። ከወንበሩ ጀርባ፣ ታች ያሉት እነዚህ ቀይ ዘንጎች ምንድን ናቸው?»

ዶሪን ጎንበስ አለች።

«ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቁ ናቸው። ሲሳቡ ወንበሩ ዜሮ ማርሽ ላይ ይሆናል፤ ሰው ሊገፋው ይችላል። ሲመለሱ ሞተሩ ጎማውን ይይዘዋል። ያኔ ፈረስ ቢጎትተው አይነቃነቅም።»

«አሁንስ?»

«ተስበዋል።»

«ማን ሳባቸው?»

«ትናንት የአውቶቡሱ ሊፍት በረዶ ይዞ ጎማው ሲንሸራተት እኔ ስቤያቸው ነበር። ገፍቼ ላወርደው።»

«ከዚያስ መለሷቸው?»

ኤልዶን በሩ ላይ ሲደርስ «መልሻቸው፣ ዶሪን! አለዚያ ከሐይቅ ውስጥ ትለቅሚኛለሽ!» ሳይል ለቋት አያውቅም። መንገዱ ዳር ያለ ሰው ሁሉ የሚሰማው ቀልዱ ነበር። ትናንትም ብሎ ይሆናል። እጇም እንደለመደው መልሷቸው ይሆናል። ግን ሺህ ጊዜ የሠራችው ሥራ ስለሆነ፣ የትናንቱን ከሌላው ቀን ለይታ ልታስታውሰው አልቻለችም። ፈለገችው፤ የለም።

«አላውቅም» አለች።

«አላውቅም?» ብሎ ጮኸ ኮልተን። ከኤልዶን ጋር የሚኖረው የወንድሙ ልጅ ነው፤ ጢሙ ቀይ፣ ፊቱ ደግሞ ሳይተኛ እንዳደረ ሰው። «አጎቴን ገድለሽ አላውቅም? ገዳይ! ሰምተሻል? ገዳይ ነሽ!»

«ተው እንጂ፣ ሰውዬ!» አለ የኤልዶን ጎረቤት፣ ቨርን ሊንድ። ሽማግሌው ቨርን ካፖርቱን አውልቆ ዶሪን ትከሻ ላይ ጣል አደረገላት። «አይዞሽ የኔ እመቤት። ማንም ሰው ይረሳል። ማንም።»

ደግነቱ ከኮልተን ስድብ ይልቅ ዘልቆ ወጋት።

ነፋሱ ሲበረታ ሳጅኗ ምርመራዋን ወደ ትንሿ አውቶቡስ አዛወረችው፤ ማሞቂያው ይሠራልና። ዶሪን መሪው ላይ እንደተቀመጠች ቀረች። ከኋላዋ የሚባለውን ሁሉ ሰማች፤ ውስጧ የሚመላለሰው ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ መልሻቸዋለሁ ወይስ አልመለስኳቸውም?

«የኩሽናዬ መስኮት ወደዚህ ነው የሚያየው» አለ ቨርን። «ሊመሽ ሲል ከቤቱ ወጣ። እንደ ወትሮው፣ ፒፓውን ሊያጨስ።»

«ብቻውን?»

«ብቻውን። በመንገዱ ቀስ ብሎ መጣና ቁልቁለቱ አናት ላይ ቆመ። ፒፓውን ለኮሰ። ትንሽ ቆይቶ ወንበሩ በራሱ ጊዜ መንደርደር ጀመረ። ምን ላድርግ? ሮጥኩ። ስደርስ አረፋው ብቻ ነበር።»

«አጠገቡ ሰው አላዩም?»

«ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይቻለሁ፤ አንድም ነፍስ አልነበረም። ያን ባለጌ ልጅ እንደማልወደው አገር ያውቃል፤ ግን አልዋሽበትም። ኮልተን አልነበረም።»

«ሚዛናዊ ሰው ነዎት» አለችና አስነጠሳት።

ኮልተን ተራው ሲደርስ በሩን ጓ አድርጎ ገባ።

«የት ነበርክ?»

«ፎቅ ላይ። ተኝቼ።»

«አጎትህ ቤቱን ሊሸጥ ነበር አሉ።»

«ቨርን ነው የነገረዎት? አዎ፣ ሊሸጥ ነበር። የአረጋውያን ቤት ልገባ ነው አለ። ደስ ብሎኛል ብዬ ልዋሽዎት?»

«ትናንት ተጣላችሁ?»

«ቤተሰብ ነን፤ እንጣላለን» አለና ተነሳ።

እሱ ሲወርድ የስምሪት ሠራተኛዋ የጂኔት ድምፅ ከሬዲዮው ተሰማ። «ዶሪን፣ የኔ ቆንጆ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ... ኤልዶን ለዓርብ ጠዋት አንድ ጉዞ ይዞ ነበር። ልሰርዘው?»

ሳጅኗ ቀድማ መነጋገሪያውን አነሳች። «ወዴት ነበር?»

«እ... ወደ ፖሊስ ጣቢያ። ምን ገጠመህ ብዬ ስጠይቀው ‹ዓርብ ይታወቃል› አለኝ።»

ዶሪን በመስተዋቱ የኮልተንን ጀርባ አየች። ሳጅኗም አየችው። ትንሿ አውቶቡስ ላይ ምስጢር የለም፤ የሚሳፈር ሰው የሚሄድበትን አስቀድሞ ካልተናገረ ማንም አይወስደውም።

«አሁን ኤልዶንን እንዴት እንደሚያሳፍሩት ያሳዩኝ» አለች ሳጅኗ።

ኤልዶን ቤት ደጃፍ ላይ ዶሪን ሊፍቱን ዘረጋች። ሳጅኗ ከበሩ ሥር የወተት ሳጥን አንስታ ሊፍቱ ላይ ገልብጣ ተቀመጠችበት፤ «ቁመቴ ከሱ ቁመት ጋር እንዲተካከል» ብላ። ሊፍቱ እያቃሰተ ወደ ላይ ወጣ። ጫፍ ሲደርስ ያውርዱኝ አላለችም። ነፋሱ ኮፍያዋን እየታገለ ዙሪያውን ቃኘች።

«ታች ሆኖ የሚታየው አጥር ብቻ ነው» አለች በመጨረሻ። «ከዚህ ላይ ግን የጎረቤት ግቢም ይታያል። ያ ፒክአፕ የቨርን ነው?»

«አዎ። ከጥቅምት ወዲህ አይነዳውም። ወገቤን ይላል።»

«አንደኛው የፊት መብራቱ እንደ ውሃ የጠራ ነው። ሌላው ቢጫ ሆኗል» አለች፤ መሐረቧን ፈለገች። «ያውርዱኝ።»

ሲመለሱ በዳርቻው መንገድ ላይ ዶሪን አንድ ፌርማታ ጋ ስትደርስ ፍጥነቷን ቀነሰች። የደረቁ አበቦች በምሰሶው ላይ ታስረዋል። በጥቅምት፣ ገና ሳይነጋ፣ ኬንዳል የሚባል ወጣት ዳቦ ጋጋሪ የመጀመሪያውን አውቶቡስ ሲጠብቅ መኪና ገጭቶት አምልጧል። የቀረው የመብራት ስብርባሪ ብቻ ነበር።

«ሁላችንም እዚህ ጋ እንቀንሳለን» አለች ዶሪን፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ሳጅኗ አንገቷን አዙራ ፌርማታው እስኪጠፋ አየችው።

ዶሪን ከሥራ ታገደች። አለቃዋ ስልክ ደውሎ፣ በቸልተኝነት ሰው መግደል የሚል ክስ ሊመጣ እንደሚችል፣ እስር ሊኖረው እንደሚችል አስረዳት። አመሰገነችው። ከዚያ ኩሽናዋ ውስጥ ተቀምጣ እጆቿን አየቻቸው። እስሩን አልነበረም የፈራችው። እጆቿ ሲጠየቁ ዝም ማለታቸውን ነው።

ዓርብ ጠዋት ሳጅኗ ሁሉንም ወደ አውቶቡሶቹ ጋራዥ ጠራች፤ «የአደጋውን መዝገብ ለመዝጋት» ብላ። ጂኔት ከስምሪት ክፍሏ ወረደች። ኮልተን ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ቨርን ኮፍያውን በእጁ ይዞ መጣ፤ ዶሪንን በጭንቅላቱ ሰላም አላት። ከተሳፋሪዎቹ ደግሞ ዩኒስ ነበረች፤ የሰማንያ አራት ዓመት አሮጊት፣ የኤልዶን ዓይነት ዊልቸር ያላት። ሁለት ሜካኒኮች ደግፈው ወደ ሌላ ወንበር አዛወሯት።

«ቀስ! ሴት ነኝ እኮ፣ ጎማ አይደለሁም» አለቻቸው። «አንቺም ልጄ፣ ያን ንፍጥሽን ወንበሬ ላይ እንዳታንጠባጥቢ።»

ሳጅኗ ሳቀችና ዊልቸሩ ላይ ተቀመጠች። «ሚስተር ሊንድ፣ ያዩትን አንዴ ይድገሙልን።»

ቨርን ደገመ። ወጣ፤ በመንገዱ መጣ፤ አናቱ ላይ ቆመ፤ ለኮሰ፤ ወንበሩ በራሱ ሄደ። ማንም አልነበረም።

«እጁ የት ነበር? ወደዚያ ሲመጣ።»

«የት ይሆናል? ያው መንጃ እጀታው ላይ።»

«እንዲህ?» እጀታውን ገፋ አደረገች፤ ዊልቸሩ ጉር ብሎ ጋራዡን አቋርጦ ቨርን እግር ስር ቆመ። «ዶሪን፣ አሁን ዘንጎቹን ይሳቧቸው።»

ዶሪን ተንበርክካ ሳበቻቸው። ሳጅኗ እጀታውን ወደፊት ገፋች። ምንም። ወደኋላ ሳበች። ምንም። እጀታው ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ብቻ ብልጭ ድርግም አለች።

ዶሪን ተንበርክካ እንዳለች ቀረች። ይህን እኮ ታውቃለች! በየቀኑ የምታየው ነገር ነው። ያን ቀን አውቶቡሱ ውስጥ ቨርን ሲናገር ሰምታ አልሰማችም፤ ጥፋቱን በራሷ ላይ ደምድማ ስለነበር ሌላ ነገር የማሰብ አቅም አልነበራትም።

«ዶሪን ረስታው ከሆነ» አለች ሳጅኗ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ «ኤልዶን ከደጃፉ አንድ ክንድ አይንቀሳቀስም ነበር። እየነዳ ከመጣ ደግሞ ዘንጎቹ በቦታቸው ነበሩ ማለት ነው። ከሐይቁ ስናወጣው ግን ተስበው አገኘናቸው። ስለዚህ አንድ ሰው ቁልቁለቱ አናት ላይ ሳባቸው።»

«ራሱ ስቧቸው ይሆናላ» አለ ቨርን።

«በምን እጁ?» አለች ዩኒስ። «ከጀርባዬ፣ መሬት አጠገብ ነው ያሉት። አርባ ዓመት ሙሉ ጀርባዬን እንኳ ማከክ ያቃተኝ ሰው ነኝ።»

«ኮልተን ስቧቸው ይሆናል ብዬ አስቤ ነበር» ስትል ቀጠለች ሳጅኗ። «ግን አንድ ሰው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እያየ ነበር፤ ማንም አልቀረበም ብሎ ምሏል። የሚጠላውን ልጅ ለማዳን አይዋሽም። ታዲያ ለማን ነው የዋሸው? ሚስተር ሊንድ፣ እርስዎ እንድናምን የፈለጉት ሁለት ነገር ነበር፤ እርስዎ አጠገቡ እንዳልነበሩ፣ ጥፋቱም የዶሪን እንደሆነ። ‹አለዚያ ከሐይቅ ውስጥ ትለቅሚኛለሽ› የሚለውን ለዓመታት በአጥሩ ላይ ሰምተዋል። ዘንጎቹ ሲሳቡ ወንበሩ እንደሚንደረደር ከዚያ አወቁ። መነዳትም እንደሚያቆም ግን ማንም ጮሆ አልተናገረም።»

«እና ምን በደለኝና ነው ኤልዶንን የምገድለው?»

«ዓርብ። ዛሬ። በዚህ ሰዓት ጣቢያችን ይደርስ ነበር። የወንድሙን ልጅ ሊከስ ነው ብዬ ነበር፤ ግን ለዚያ ስልክ ይበቃዋል። ሊፍቱ ላይ ስወጣ ገባኝ። በሳምንት ስንት ጊዜ ከአጥርዎ በላይ ከፍ ይል ነበር! የፒክአፕዎን አንድ አዲስ መብራት አየ። ትናንት ፍርድ ቤት ፈቅዶልን መኪናውን ፈትሸነዋል። ከመብራቱ ኋላ፣ ብረቱ ስር፣ ፌርማታው ላይ ካገኘነው ጋር የሚገጥም ስብርባሪ ቀርቶ ነበር።»

ጂኔት አፏን በእጇ ያዘች። «ኬንዳል» አለች። «ኬንዳልን?»

ቨርን ኮፍያውን በሁለት እጁ ጨመቀው። ሲናገር ድምፁ አሁንም ያ ደግ ድምፅ ነበር፤ ጋራዡን ያቀዘቀዘውም እሱ ነው።

«‹እስከ ዓርብ ሰጥቼሃለሁ፤ ራስህ ሄደህ ተናገር› አለኝ። ጓደኛዬ እኮ ነበር። ለመንኩት። ፒፓውን እያጨሰ ‹አውቶቡሴን ይዣለሁ፣ ቨርን› አለኝ። ጀርባውን ሰጥቶኝ።» ወደ ዶሪን ዞረ። «አንቺን አይጎዱሽም ብዬ ነበር። ስህተት ነው ይላሉ ብዬ።»

ያን ቀን ካፖርቱ ዶሪን ትከሻ ላይ ያረፈበት ቦታ እንደ ቁስል ተሰማት።

ፖሊሶች ወሰዱት። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተንጫጫ፤ ጂኔት አለቀሰች፤ ዩኒስ ወንበሬን መልሱ ብላ ተቆጣች። ዶሪን መሬት ላይ እንደተንበረከከች ናት።

«ነፃ ነዎት» አለቻት ሳጅኗ አጠገቧ ቁጢጥ ብላ።

«እሱ መግደሉን ተናገረ። እኔ ግን መመለሴን አሁንም አላስታውስም። ተስበው አግኝቷቸው፣ ከቤቱ ደጃፍ ጀምሮ ገፍቶትስ ቢሆን? እየነዳ መጣ ያለውም እኮ ያው የዋሸው ሰው ነው። እኔስ ምን አውቃለሁ?»



ኮልተን ከግድግዳው ተነስቶ መጣ። ፊታቸው ወለሉ ላይ ተቀመጠና የቀኝ ቡትሱን ክር መፍታት ጀመረ።

«ምን ሆነሃል አንተ?» አለች ዩኒስ። «እግርህን ልናሸት ነው?»

እሱ ቡትሱን አወለቀ። ወፍራሙን ካልሲ ቀስ ብሎ፣ ጥርሱን ነክሶ ገፈፈው። አውራ ጣቱ አብጦ ጥፍሩ እንደ ከሰል ጠቁሯል፤ የጎማው ጥርስ ምልክት ቆዳው ላይ ይታያል።

«አልናገርም ብዬ ነበር» አለ። «ተጣልተው ነበር ከተባለ እኔ ገደልኩት እንዳይሉኝ። ቤቱን አትሸጥም ብዬ ኩሽና ውስጥ መንገድ ዘጋሁበት። አንቺ አድርሰሽው ከሄድሽ በኋላ ነው።»

ዶሪን ጥፍሩን አየች። «ገፍተኸው ነው?»

«እኔ? ማን አስነክቶኝ!» ድምፁ ተሰበረ። «ራሱ ነድቶ ነው እግሬ ላይ የሄደብኝ፣ ዶሪን። በሙሉ ኃይሉ። ደግሞ ወደኋላ ተመልሶ ደገመኝ።»