ባላምባራስ የተነሡበት ሰዓት

«አንድ!» ብላ እናቷ የመጀመሪያውን ጣሳ ውሃ አናቷ ላይ ስትደፋባት የዘመነች ትንፋሽ ቀጥ አለ።

ገና አስራ አንድ ሰዓት መሆኑ ነው። ከጓሮው ባሕር ዛፍ በኩል የሚመጣው የኅዳር ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። ዘመነች ባኞው ውስጥ እንደ ዶሮ በአንድ እግሯ ቆማ ትንዘፈዘፋለች።

«እማዬ፣ በእመብርሃን፣ በቃ!»

«ባላምባራስ ሦስት ጣሳ ነው ያሉት። እንደሳቸው መሆን አትፈልጊም? ሁለት!»

ሦስት የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ በኮልፌ ምድር የምታውቀው ዘመነች ብቻ ነበረች። መጀመሪያ «ሁለት ጣሳ» ብላ ነበር የጻፈችው። ዓረፍተ ነገሩ አጭር መሰላትና ሁለትን ሰርዛ ሦስት አደረገችው። ለጽሑፉ ውበት ብላ!

«ሦስት!» አለች እናቷ።

ነገሩ የተጀመረው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። ለወላጆች በዓል ስለ ትጋት ንግግር እንዲያደርጉ የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር የሰፈሩን ሀብታም ባላምባራስ ተክለማርያምን ጋበዙ። ባላምባራስ ማንበብ እንጂ መጻፍ አይሆንላቸውም። ስለዚህ ዲሬክተሩ ከስምንተኛ ክፍል በድርሰት አንደኛ የሆነችውን ዘመነችን ላኩላቸው።

ባላምባራስ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሶፋው ላይ ጋደም እንዳሉ ነበር የተቀበሏት። ደግ ሰው ናቸው፤ አይዋሹም።

«እውነቱን ልንገርሽ፣ ልጄ» አሉ። «ያ መንገዱ ዳር ያለው መሬቴ ድሮ ረግረግ ነበር። እንቁራሪት ብቻ ነው የሚኖርበት። አንድ ሰውዬ በሦስት መቶ ብር ልግዛው አለኝ። ደስታዬን አትጠይቂኝ! ጠዋት በሦስት ሰዓት ማዘጋጃ ቤት ልንፈራረም ተቀጣጠርን።»

«ከዚያስ?»

«ተኛሁ።»

«ማታ ሠርግ ቤት ነበሩ» አሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተጻድቅ ከወዲያ ማዶ ክር እየፈተሉ። «ስድስት ሰዓት ላይ ነቁ። እኔ እንኳ ሁለት ጊዜ ቀስቅሻቸው ነበር።»

«ሰውዬው ተናዶ ሄደ። በሁለተኛው ወር ቀያሾች መጥተው መሬቴን በቀይ ካስማ ሞሉት። ለካ መንገዱ በዚያ ነው የሚያልፈው! ከዚያ በኋላማ አንዱ ነዳጅ ማደያ ልሥራበት ይላል፣ አንዱ ሆቴል ይላል። ከተረፈው ላይ ሃያ አራት ቤት ሠርቼ አከራየሁ።»

«እንቅልፍ ነው ያበላን» አሉ ወይዘሮ ወለተጻድቅ።

ዘመነች እርሳሷን አነሣች። «ይኼን ልጻፈው?»

«በስመ አብ! ለተማሪ ይኼ ይነገራል? አንቺ የተማርሽ አይደለሽ እንዴ? ጥሩ ጥሩውን ጻፊ።»

ጥሩ ጥሩውን ጻፈች። ባላምባራስን ገና ጎህ ሳይቀድ በአስራ አንድ ሰዓት ቀሰቀሰቻቸው። ሦስት ጣሳ ቀዝቃዛ ውሃ አፈሰሰችባቸው። አንድ እፍኝ ቆሎ ብቻ አበልታ ረግረጉን በእጃቸው ከነጋ እስኪመሽ አስቆፈረቻቸው። በበዓሉ ቀን ባላምባራስ ወረቀቱን ቀስ እያሉ ሲያነቡ ቆሎው ጋ ሲደርሱ በራሳቸው መከራ እንባቸው መጣ። ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ። በክብር ወንበር ላይ የተቀመጡት እንግዶች ደግሞ ከሁሉም አብልጠው አጨበጨቡ። ለምን አያጨበጭቡ? ሁሉም የተከበረው በራሱ ላብ መሆኑን በዚያች ቀን ነው የሰማው። መሬት ወርሶ የተቀመጠውም ሳይቀር።

በማግስቱ የሰፈሩ ኑሮ ተገለባበጠ። የውሃ ቦኖው ጋ ከንጋት በፊት ሰልፍ ተያዘ። ቆሎ ተወደደ። ልጆች ክፍል ውስጥ በተቀመጡበት ማንኮራፋት ጀመሩ።

«እንዴት ነው፣ ለመሆኑ?» አለች ራህማ፣ የዘመነች የክፍል ጓደኛ። «እኛ ቤት እኮ ለሱብሒ ሶላት ከድሮም እንነሣለን። በቀዝቃዛ ውሃ እንታጠባለን። አባቴ እንዲህ ሲያደርግ ሰላሳ ዓመቱ ነው። ገንዘቡን የት ነው የሚሰጡት?»

ዘመነች ሳቀች። ሳቋ ግን እቤት ስትደርስ ጠፋ።

አባቷ አቶ በየነ ግንድ ሰንጣቂ ናቸው። ግንዱ ቆጥ ላይ ይወጣል፤ ጓደኛቸው ጉታ ከላይ፣ እሳቸው ከታች ሆነው ትልቁን መጋዝ ሲሳሳቡ ይውላሉ። ሰጋቱራው የሚወርደው እሳቸው ዓይን ውስጥ ነው። ከንግግሩ ጥቂት ቀን በኋላ አንድ ማታ እራት ላይ ተናገሩ።

«እኔ እኮ ሃያ ዓመት ሙሉ የምነሣው በአስራ አንድ ተኩል ነው።»

«እና?» አለች እናቷ።

«እናማ በግማሽ ሰዓት ነው ያመለጠኝ!»

ቀልድ መስሏት ዘመነች ቀና ብላ አየቻቸው። አልቀለዱም። አንገታቸውን ደፍተው፣ እንደ ጥፋተኛ፣ ጣታቸው ላይ የደረቀውን ቁስል ይፍቃሉ። ድህነቱን ያመጣው እንቅልፍ ነው ብሎ ግንድ ሰንጣቂን የሚወቅስ ሰው ካለ አንድ ቀን ብቻ ከዚያ ቆጥ ሥር ገብቶ መጋዝ ይሳብ፤ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።

ከዚያች ማታ ጀምሮ አቶ በየነ የተኙትን ሁሉ ሊያካክሱ ከሌሊቱ በዘጠኝ ሰዓት መነሣት ጀመሩ። ጉታ እስኪመጣ ድረስ ብቻቸውን ቁጭ ብለው በጨለማ መጋዝ ይሞርዳሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ጉታ ዘመነችን ቦኖው ጋ አገኛት። ፊቱ ልክ አልነበረም።

«አባትሽን አንድ በሉት። ትናንት መጋዙን እንደያዘ ቆሞ ተኛ! እኔ ከላይ እስባለሁ፣ ከታች ሰው የለም። ግንዱ ተንሸራቶ በጆሮው አጠገብ አለፈ። በዋቃ፣ ለጥቂት ነው የተረፈው።»

ዘመነች እንስራዋን እዚያው ትታ ወደ ባላምባራስ ቤት ሮጠች።

አራት ሰዓት ሆኗል። ወይዘሮ ወለተጻድቅ በሩን ከፈቱላት።

«ገና አልተነሡም፤ ግቢ።»

ባላምባራስ እያዛጉ ሲወጡ አምስት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረው። ሲያዩዋት ፊታቸው በራ።

«እሰይ! እግዜር ነው ያመጣሽ። ዘነበወርቅ ሰፈር ያለው ትምህርት ቤት ደግሞ ና ንገረን ብሎኛል። አዲስ ጻፊልኝ። እዚያ በዘጠኝ ሰዓት አድርጊው፣ መነሻዬን።»

«ባላምባራስ፣ አባቴ ሊሞት ነበር» አለች ዘመነች። የጉታን ወሬ አንድ ሳታስቀር ነገረቻቸው። «እባክዎን፣ እውነቱን ይንገሩት።»

«የቱን እውነት?»

«የተኙትን።»

ባላምባራስ ፊታቸው ቀላ። «እኔ እኮ የማንንም አልሰረቅሁም፣ ልጄ።»

«አልሰረቁም። ግን አልነቁም!»

ወይዘሮ ወለተጻድቅ እንዝርታቸው ከእጃቸው ወደቀ። በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ።

«ድሃ ሰው ተስፋ ካጣ ምን ይበላል?» አሉ ባላምባራስ።

«አሁንስ ምን እየበላ ነው? ቆሎ!»

«ታዲያ ‹ተማሪዎች ሆይ፣ ተኙ› ልበል?»

«‹ዕድል ቀናኝ› ይበሉ።»

«ዕድል ቀናኝ ላለ ሰው ማን ያጨበጭባል?»

ባላምባራስ ለዘብ አሉ። ከመሳቢያቸው አስር ነጭ፣ መስመር ያለው ወረቀት አወጡ።

«ንዴቱን ተይው። የዘነበወርቁን ጻፊልኝ። የዘጠነኛ ክፍል መጽሐፍሽም ልብስሽም በኔ ነው። ቃሌ ነው።»

ዘመነች ወረቀቱን ተቀበለች። ብር ስለሌለ እናቷ ስለ ዘጠነኛ ክፍል ሲነሣ ወሬ እንደምትቀይር ታውቃለች። እውነቱ ይነገር ከተባለ ደግሞ መንገድ ላይ ሳታስበው ድርሰቱ መጣላት፦ «አራት ጣሳ ውሃ...» ስትል ራሷን ሰማችና ራሷን በጥፊ ልትመታ ፈለገች።

እቤት ስትገባ አባቷ በዚያ ሰዓት እዚያ አሉ። ጉታ «ዛሬ ካንተ ጋር አልስብም» ብሎ መልሷቸዋል። መደቡ ላይ ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ደም መስሏል።

«ዘሙዬ፣ የባላምባራስ ንግግር ግልባጩ አንቺ ዘንድ አለ አይደል?»

«አለ፣ አባባ።»

«እስቲ ቀስ አርገሽ አንብቢልኝ። የሳትኩት ነገር አለ። እሳቸው ያደረጉትን ሁሉ አደረግሁ፤ አንዲት ነገር ቀርታኝ መሆን አለበት።»

ግልባጩን ከደብተሯ አወጣች። «በወጣትነቴ ዘመን...» ብላ ጀመረችና ቆመች። አባቷ አንዲት ቃል እንዳታመልጣቸው አንገታቸውን አስግገዋል።

«አባባ፣ ይኼን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«በእጅሽማ አንቺ ነሽ።»

«በእጄ ብቻ አይደለም። ከራሴ ነው ያወጣሁት። ባላምባራስ የነገሩኝ ሌላ ነው።»

ሠርጉን፣ እንቅልፉን፣ ቀያሾቹን፣ ዛሬ የተገባላትን የመጽሐፍና የልብስ ቃል ሳይቀር ነገረቻቸው። እናቷ ከምድጃው ጋ ብድግ አለች።

«ሦስት ጣሳውስ?»

«እሱንም።»

«ባንቺ ቁጥር ነው እኔ ራሴ ይኼን ሁሉ ቀን የተንቀጠቀጥኩት?! ቆይ አንቺን...»

«ተያት» አሉ አቶ በየነ። ዘመነች ቁጣ ጠበቀች። አልመጣም። እንደ መሳቅ አላቸው፣ ተዉት።

«ያን ቀን በጊዜ ቢነቁ ኖሮ መሬቱን ይሸጡት ነበር?»

«በሦስት መቶ ብር።»

«ገዢውስ?» አሉ። «በሰዓቱ ማዘጋጃ ቤት የተገኘው ሰውዬ። እሱ ምን ሆነ?»

ባላምባራስ ስለ ሰውዬው አንድም አላሉም። እሷም አልጠየቀች። ስሙን እንኳ አታውቅም።

«አላውቅም፣ አባባ። ነገ ወረቀቱን ስመልስላቸው እጠይቃለሁ።»

«ጠይቂልኝ» ብለው አቶ በየነ እግራቸውን መደቡ ላይ ሰቀሉ። ወዲያው፣ በቀትር፣ ቤቱን የሚያናውጥ ማንኮራፋት ተሰማ።

እናቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተጠጋቻት። «የምን ወረቀት ነው የምትመልሺው? መጽሐፍ እገዛልሻለሁ ብለውሽ አይደል እንዴ?»

ዘመነች አስሩን ወረቀት በጉልበቷ ላይ አስተካከለች። አንዱ ጫፉ ታጥፎ ነበር፤ በአውራ ጣቷ አቃናችውና ከሌሎቹ ጋር፣ ባዶውን፣ አስቀመጠችው።