ከትከሻው ላይ ያልጠፋው እጅ

እኔ ስለ መናፍስት ሲወራ የምስቅ ሰው ነኝ፣ አባቴ ቄስ ሆነው እንኳ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ «ኧረ ተዉኝ» ብዬ ተነስቼ የምወጣ። ደባርቅ ላይ እንጨት በጨረር እያቃጠለ የሚስል ሌዘር ማሽን ተክዬ ፎቶና መስቀል በእንጨት ላይ አወጣለሁ፣ በሥራዬ ያለችኝ እምነት አንዲት ናት፤ እንጨቱ ካረረ ወይ ፓወሩ በዝቷል ወይ ስፒዱ ቀንሷል፣ አለቀ። ያን ቀን ግን፣ እመኑኝ፣ ሁለቱም አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከተማውን ውጦት ሳለ ሞላ የሚባል በእኔ እድሜ ያለ የጃናሞራ ሰው መጣ። ታላቅ ወንድሙ ገደል ገብቶ ሞቷል፣ ለአርባው ተዝካር የሟቹ ሚስት አለሚቱ ምስሉን በእንጨት አሠርተህ አምጣልኝ ብላ ልካዋለች። ያለው ፎቶ ግን ወንድማማቾቹ አብረው የተነሱት ነው፣ የሞላ እጅ በሟቹ ትከሻ ላይ ጣል ብሎ።

«እኔን አጥፋኝና እሱን ብቻ አውጣው» አለኝ።

«አብራችሁ ብትሆኑ ምን አለበት? እንዲያውም ያምራል።»

«አጥፋኝ አልኩህ እኮ።»

ደሜ ፈላ፣ ግን ደንበኛ ነው፣ ምን አደርጋለሁ፣ እሱንም እጁንም ከኮምፒውተሩ ላይ አጠፋሁና ፓወሩን ዝቅ፣ ስፒዱን ከፍ አድርጌ ለቀቅኩት። የሟቹ ፊት ቆንጆ ሆኖ ወጣ፣ ትከሻው ላይ ሲደርስ ግን እንጨቱ ቦግ ብሎ ነደደ። እሺ ብዬ ፓወሩን ቀነስኩ፣ ያው ትከሻው ነደደ። ስፒዱን ጨመርኩ፣ ሌንሱን ጠረግኩ፣ እንጨት ቀየርኩ፣ ያው ነው። ጥፋቱ የማሽኑ ከሆነ የሚያርረው ቦታ አይለወጥም ብዬ ምስሉን ዘቅዝቄ ብሠራው፣ ቃጠሎው ትከሻውን ተከትሎ ሄደ፣ መስቀል ብሠራበት ደግሞ ንጹሕ። ሽታውስ፣ ምን ልበላችሁ፣ የእንጨት አልነበረም፣ የበግ ጭንቅላት ሲለበለብ የሚሸተው ነው።

በመጨረሻ ፓወሩን ወረቀት እንኳ እስከማያጠቁር ድረስ አወረድኩት። ያኔ ቃጠሎው ጠርቶ ወጣ፤ አምስት ጣት፣ ያውም እንደ ፎቶው ጣል ያለ ሳይሆን ትከሻውን ጨምድዶ የሚገፋ።

ሞላም አየው።

«ማን ነገረህ?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ምኑን?»

መልሱ ዱላ ነበር። ጆሮ ግንዴን ሲለኝ ተዘረርኩ፣ ደሜ በአንገቴ ሲወርድ ይሰማኛል፣ እሱ የማሽኑን ክዳን ሰባብሮ እንጨቱን ሊያወጣ ቀኝ እጁን ከተተ። ልክ ያኔ መብራት ሄደ፣ ኮምፒውተሩ ጠፋ፣ የማሽኑ ማቀዝቀዣ ዝም አለ፣ ጨረሩን የሚተፋው ጭንቅላቱ ግን ሲጥ ሲጥ እያለ መመላለሱን ቀጠለ። በማርያም፣ መብራት የለም እያልኳችሁ ነው። ሞላ እንደሚታረድ በሬ አጓራ፣ ሊያወጣው ይጎትታል፣ አይወጣለትም፣ ሲወጣለት ጣቶቹ እስከ አጥንታቸው ከስለው ነበር። እየጮኸ ጉሙ ውስጥ ገባ።

በማግስቱ አለሚቱ ራሷ መጣች። ሞላ እሳት ላይ ወደቅኩ ብሏታል፣ ከተዝካሩ በኋላ ልጆቿን ይዛ እሱ ቤት ልትገባ ነው፣ መሬቷንም የሚያሳርስላት እሱ ነው። ልንገራት ብዬ አፌን ከፈትኩ፣ ግን ምን ብዬ፣ ማሽን ነገረኝ ብዬ? ወንድሞቿ ቢሰሙስ በዚያው ቀን ሰው ይሞታል። ፈራሁ፣ ዋሽቼ ምን አደርጋለሁ። ሳልነግራት በዚያ ክዳን በሌለው ማሽን እንደገና ብሞክረው፣ በመጀመሪያው ፓወር፣ በመጀመሪያው ስፒድ፣ ጥርት ብሎ ወጣ፣ ትከሻው ላይ ጭረት እንኳ የለም። ስማው በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛው ሄደች።

ትናንት ማታ ደወለች፣ ከሞላ ቤት ሆና፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ወንድሜ፣ ትከሻው ላይ ይሄን እጅ ለምን አወጣኸው?»

«የምን እጅ?»

«ስቀበልህ አልነበረም። ግድግዳው ላይ ከሰቀልኩት ወዲህ ነው፣ በየቀኑ እየጠቆረ ሄደ።»

ልጆችሽን ይዘሽ አሁኑኑ ውጪ ልላት ስል ከኋላዋ የወንድ ድምፅ «ማነው እሱ?» አለ። ስልኩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ስደውል አይነሳም። ማሽኑን ከነቀልኩት ሰንብቷል፣ ዛሬ ጠዋት ሱቁን ስከፍት ግን ያ የተለበለበ በግ ሽታ በሩ ላይ ተቀበለኝ።